ጄሪ ሎውሰን

ጄራልድ አንደርሰን ሎውሰን፣ በተለመደው ስሙ ጄሪ ሎውሰን፣ አሜሪካዊ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ነበር። የተወለደው ኅዳር 22 ቀን 1933 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1940) ሲሆን ያረፈው ሚያዝያ 1 ቀን 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 9 ቀን 2011) ነው። በይበልጥ የሚታወቀው ፌርቻይልድ ቻናል ኤፍ የተባለውን የቤት ቪዲዮ ጌም ኮንሶል የሠራውን ቡድን በመምራቱ ነው። ቻናል ኤፍ በማይክሮፕሮሰሰር የሚሠራና ጨዋታዎቹ ተነቃይ በሆነ ካርትሪጅ (በተለምዶ ካሴት በሚባለው) የሚለዋወጡለት የመጀመሪያው ኮንሶል ነበር። ኮንሶሉ ለገበያ በቀረበ በዓመቱ በአታሪ ኩባንያ ቢሸነፍም፣ አታሪም ሆነ ከእሱ በኋላ የመጡት ኒንቴንዶና ሴጋ ቻናል ኤፍ በከፈተው መንገድ ሄደዋል።

ልጅነትና ትምህርት

ሎውሰን በኒው ዮርክ ከተማ በብሩክሊን ተወልዶ በኩዊንስ አደገ። አባቱ በወደብ ጫኝና አውራጅነት የሚተዳደር ሰው ሲሆን ለሳይንስ ትልቅ ፍቅር ነበረው። አያቱ ፊዚክስ የተማረ ቢሆንም በዚያ ዘመን ለጥቁር አሜሪካዊ በተማረበት ሙያ ሥራ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ስለነበር በፖስታ ቤት ኃላፊነት ኖሯል። እናቱ የከተማው አስተዳደር ሠራተኛ ነበረች። ልጇ ጥሩ ትምህርት ቤት እንዲገባ አጥብቃ ትከታተል፣ መምህራኑንም በአካል እየሄደች ታነጋግር ነበር። አብዛኞቹ ተማሪዎች ነጮች በሆኑበት ትምህርት ቤት የወላጆች ማኅበር ሊቀ መንበር እስከ መሆን ደርሳለች።

የአንደኛ ክፍል መምህሩ የታዋቂውን ጥቁር ሳይንቲስት የጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨርን ምስል እያሳየች እሱም እንደዚያ መሆን እንደሚችል ታበረታታው ነበር። ሎውሰን በኋላ ዘመኑ ይህን ምስል ለሕይወቱ አቅጣጫ እንደ ሰጠው ነገር ያስታውሰው ነበር። በ13 ዓመቱ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አውጥቶ ከየሱቁ በገዛቸው ዕቃዎች በመኝታ ክፍሉ ውስጥ የሬዲዮ ጣቢያ ሠራ። በወጣትነቱም ቴሌቪዥን እየጠገነ ገንዘብ ያገኝ ነበር። ከዚያ በኋላ በኩዊንስ ኮሌጅና በኒው ዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ቢማርም ዲግሪውን አላጠናቀቀም። አብዛኛውን የኤሌክትሮኒክስ እውቀቱን ያካበተው በራሱ ጥረትና በሥራ ላይ ነው።

ወደ ካሊፎርኒያ

ሎውሰን በፌዴራል ኤሌክትሪክ፣ በግሩማን አውሮፕላን ኩባንያና በሌሎችም ድርጅቶች ከሠራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1970 በካሊፎርኒያ በፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተር ተቀጠረ። ሥራው የኩባንያውን ቺፖች ለሚገዙ ደንበኞች ቺፖቹ እንዴት ጥቅም ላይ እንደሚውሉ ማሳየትና የቴክኒክ ምክር መስጠት ነበር።

በዚያ ጊዜ አካባቢው ገና ሲሊከን ቫሊ የሚለውን ስም መልመዱ ነበር፤ በመስኩ የሚሠሩ ጥቁር መሐንዲሶችም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሎውሰን ቁመቱ ረዥም፣ ሰውነቱም ግዙፍ ስለነበር በስልክ ብቻ የሚያውቁት ሰዎች በአካል ሲያገኙት ጥቁር መሆኑን አይተው ይደነግጡ እንደነበር ተናግሯል። የሆምብሩ ኮምፒውተር ክለብ አባልም ነበር። ይህ የኮምፒውተር ወዳጆች ማኅበር የአፕል መሥራቾች ስቲቭ ዎዝኒያክና ስቲቭ ጆብስ ይገኙበት የነበረ ሲሆን በውስጡ የነበሩት ጥቁር አባላት ሎውሰንና ሮን ጆንስ ብቻ ነበሩ። ዎዝኒያክ በአንድ ወቅት ሥራ ፍለጋ ወደ ፌርቻይልድ መጥቶ ሎውሰን ቃለ መጠይቅ አድርጎለታል፤ ነገር ግን አልቀጠረውም።

እ.ኤ.አ. በ1975 ሎውሰን በራሱ ጋራዥ ውስጥ ዲሞሊሽን ደርቢ የተባለ በሳንቲም የሚሠራ የቪዲዮ ጌም ማሽን ሠራ። ማሽኑ የፌርቻይልድ አዲሱን ኤፍ 8 ማይክሮፕሮሰሰር ይጠቀም ነበር። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ የቪዲዮ ጌም ማሽኖች ማይክሮፕሮሰሰር አልነበራቸውም፤ እያንዳንዱ ጨዋታ ለእሱ ብቻ በተሠራ ሰርኪዩት ይንቀሳቀስ ነበር። ማሽኑ በካሊፎርኒያ ካምቤል ከተማ በሚገኝ ፒዛ ቤት ተተክሎ ተሞከረ። ሎውሰን ይህን የሠራው ከመደበኛ ሥራው ውጪ ቢሆንም አለቆቹ ሲሰሙ ሳይቆጡ በኩባንያው ውስጥ የቪዲዮ ጌም ሥራ እንዲመራ ጠየቁት።

ከቻናል ኤፍ በፊት የነበሩ ኮንሶሎች

የሎውሰን ሥራ ምን እንደለወጠ ለመረዳት ከእሱ በፊት የነበረውን ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የቤት ቪዲዮ ጌም ኮንሶል እ.ኤ.አ. በ1972 ለገበያ የቀረበው ማግናቮክስ ኦዲሲ ነው። ኦዲሲ የሚለዋወጡ ካርዶች ነበሩት፤ ሆኖም ካርዶቹ በውስጣቸው ምንም ፕሮግራም አልያዙም። ሥራቸው በኮንሶሉ ውስጥ ቀድሞ ያለውን ሰርኪዩት በተለያየ መንገድ ማገናኘት ብቻ ነበር። ስለዚህ ኮንሶሉ ከፋብሪካ ሲወጣ ያልነበረውን ጨዋታ በኋላ በካርድ መጨመር የሚቻለው በጣም በጠበበ ወሰን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1975 አታሪ ፖንግ የተባለውን ታዋቂ ጨዋታውን ለቤት በሚሆን መልኩ በሲርስ መደብሮች በኩል መሸጥ ጀመረ። ወዲያው ሌሎች ኩባንያዎችም ተመሳሳይ መሣሪያዎችን ይዘው ወጡ። እነዚህ ሁሉ ከፋብሪካ የተገጠሙላቸውን ጥቂት ጨዋታዎች ብቻ የሚያጫውቱ ነበሩ። ገዢው ጨዋታው ሲሰለቸው ያለው ምርጫ ሌላ አዲስ መሣሪያ መግዛት ነበር።

የአልፔክስ ሐሳብ

ተነቃይ የጨዋታ ካርትሪጅን መጀመሪያ የፈለሰፈው ሎውሰን አይደለም። በኮኔቲከት ግዛት የነበረው የአልፔክስ ኮምፒውተር ኩባንያ መሐንዲሶች ዋላስ ኪርሽነርና ሎውረንስ ሃስከል በኢንቴል 8080 ማይክሮፕሮሰሰር የሚሠራ የሙከራ መሣሪያ ሠርተው ነበር። ሐሳባቸው ጨዋታውን ከመሣሪያው መለየት ነበር። መሣሪያው ማይክሮፕሮሰሰርና ምስል የሚይዝ ማህደረ ትውስታ ይኖረዋል፤ የጨዋታው ፕሮግራም ደግሞ በሚነቀል የሮም ቺፕ ላይ ይቀመጣል። ሁለቱ ሰዎች መሣሪያቸውን ለቴሌቪዥን አምራቾች ቢያሳዩም የሚገዛቸው ሳያገኙ ቆዩ።

በመጨረሻ ወደ ፌርቻይልድ ሲመጡ መሣሪያውን እንዲመረምሩ ከተላኩት አንዱ ሎውሰን ነበር። ሎውሰን ሐሳቡ እንደሚሠራ ተረድቶ ድጋፉን ሰጠ። ፌርቻይልድም ከአልፔክስ ጋር የፈቃድ ውል ተዋዋለ። ይሁን እንጂ በኮኔቲከት የታየው መሣሪያ የላቦራቶሪ ሙከራ እንጂ ለቤት የሚሆን ዕቃ አልነበረም። ፕሮሰሰሩ የተፎካካሪ ኩባንያ ምርት ነበር፤ የጨዋታ ቺፖቹ ያሉበት ሰሌዳም ያለ ሽፋን የተጋለጠ ስለነበር ሕፃናት በየቀኑ ሲሰኩና ሲነቅሉት ሊቋቋም አይችልም። ይህን ወደ ምርትነት የመለወጥ ኃላፊነት በሎውሰን ላይ ወደቀ።

ቻናል ኤፍ

ሎውሰን የፌርቻይልድ የቪዲዮ ጌም ክፍል የምሕንድስናና የገበያ ዳይሬክተር ሆነ። ከእሱ ጋር በዋናነት የሠሩት የሜካኒካል መሐንዲሱ ሮን ስሚዝና የቅርጽ ንድፍ ባለሙያው ኒክ ታሌስፎር ናቸው። ቡድኑ በመጀመሪያ የኢንቴሉን ፕሮሰሰር በፌርቻይልድ ኤፍ 8 ተካ። ቀጥሎ ሦስት ከባድ ችግሮች ነበሩበት።

የመጀመሪያው የካርትሪጁ ጥንካሬ ነበር። ከዚያ በፊት ሴሚኮንዳክተር ቺፕን ተራ ሰው በመቶ ለሚቆጠር ጊዜ እንዲሰካና እንዲነቅል ተደርጎ የተሠራ የቤት ዕቃ አልነበረም። መገናኛዎቹ በመፋቅ ብዛት ሊያልቁ፣ ከሰው እጅ የሚፈልቅ ስታቲክ ኤሌክትሪክም ቺፑን ሊያቃጥል ይችላል። ስሚዝ ካርትሪጁን የሚቀበለውንና ከመገናኛዎቹ ጋር በዝግታ የሚያገጥመውን ክፍል ነደፈ። ታሌስፎር ደግሞ በዘመኑ የነበረውን የስምንት ትራክ ሙዚቃ ካሴት የሚመስል ቢጫ የፕላስቲክ ቅርፊት ሰጠው። ካርትሪጆቹ ቪዲዮካርት ተባሉ።

ሁለተኛው የመንግሥት ደንብ ነበር። ከቴሌቪዥን አንቴና ጋር የሚገናኝ ማንኛውም ዕቃ የሬዲዮ ሞገድ ረብሻ እንዳይፈጥር የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ጥብቅ ፈተና ያደርግ ነበር። ማይክሮፕሮሰሰር ደግሞ በባሕርይው ብዙ ረብሻ ያወጣል። ቡድኑ ሰርኪዩቱን በብረት ሸፈነ፣ ካርትሪጁ የሚገባበትንም ቀዳዳ በብረት ከለለ። አዲስ የሚወጣ እያንዳንዱ ካርትሪጅም ለኮሚሽኑ ቀርቦ መጽደቅ ነበረበት። ደንቡ የላላው ከዓመታት በኋላ ስለሆነ ዘግይተው የመጡት ተፎካካሪዎች ይህን ያህል ዋጋ አልከፈሉም።

ሦስተኛው መቆጣጠሪያው ነበር። የቻናል ኤፍ መቆጣጠሪያ በእጅ የሚጨበጥ ዘንግ ሲሆን ጫፉ ላይ ያለው ሦስት ማዕዘን ቆብ ወደ አራቱ አቅጣጫ ይገፋል፣ ወደ ግራና ቀኝ ይጠመዘዛል፣ ወደ ላይ ይሳባል፣ ወደ ታችም ይጫናል። በኮንሶሉ ላይ ጨዋታውን ለጊዜው የሚያቆም ቁልፍም ተደረገ። ዛሬ የትኛውም ተጫዋች እንደ ተራ ነገር የሚያየው ጨዋታን አቁሞ የመመለስ ዕድል በቤት ኮንሶል ላይ የመጣው በዚህ ነው።

ቻናል ኤፍ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1976 በ169.95 ዶላር ለገበያ ቀረበ። ሆኪና ቴኒስ በውስጡ ተገጥመው የሚመጡ ጨዋታዎች ሲሆኑ እያንዳንዱ ተጨማሪ ካርትሪጅ በ19.95 ዶላር ይሸጥ ነበር። ስሙ ውስጥ ያለው ኤፍ በእንግሊዝኛ ደስታ ወይም ጨዋታ የሚለውን ቃል ያመለክታል።

ከአታሪ ጋር የነበረው ፉክክር

አታሪ በዚህ ጊዜ በማይክሮፕሮሰሰር የሚሠራ የራሱን ኮንሶል በማዘጋጀት ላይ ነበር። የቻናል ኤፍ መውጣት ሥራውን እንዲያፋጥን አስገደደው። ለዚህም ብዙ ገንዘብ ያስፈልገው ስለነበር መሥራቹ ኖላን ቡሽኔል እ.ኤ.አ. በ1976 ኩባንያውን ለዋርነር ኮሙኒኬሽንስ ሸጠ። በ1977 መጀመሪያ አርሲኤ ስቱዲዮ 2 የተባለውን ኮንሶል አወጣ፤ ግን ምስሉ ባለ ጥቁርና ነጭ ስለነበር ብዙ አልቆየም። በሴፕቴምበር 1977 አታሪ ቪሲኤስ (በኋላ አታሪ 2600 የተባለው) በ199 ዶላር ገበያ ላይ ዋለ።

ሁለቱ መሣሪያዎች አንድ ዓይነት ሐሳብ ቢጋሩም የውስጥ አሠራራቸው ፈጽሞ የተለያየ ነበር። ቻናል ኤፍ የማያ ገጹን ሙሉ ምስል የሚይዝ 2 ኪሎባይት የምስል ማህደረ ትውስታ አለው። ፕሮግራሙ ነጥቦቹን እዚያ ይጽፋል፤ መሣሪያው ደግሞ የተጻፈውን እየደጋገመ ወደ ቴሌቪዥን ይልካል። ይህ ለፕሮግራም ጸሐፊው ቀላል ቢሆንም ምስሉን ቶሎ ቶሎ መለወጥ ጊዜ ይወስዳል። አታሪ ግን በጠቅላላው የነበረው ማህደረ ትውስታ 128 ባይት ብቻ ነው። ሙሉ ምስል የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ፕሮግራሙ የቴሌቪዥኑን ጨረር መስመር በመስመር እየተከተለ ምስሉን በዚያው ቅጽበት መሥራት አለበት። ሥራው ለፕሮግራም ጸሐፊ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ፈጣን እንቅስቃሴና ብዙ ቀለም ላላቸው ጨዋታዎች ተስማሚ ሆነ።

የሽንፈቱ ምክንያት ግን የመሣሪያ ልዩነት ብቻ አልነበረም። አታሪ በየመዝናኛ ቤቱ የታወቁ ጨዋታዎች ባለቤት ስለነበር ሰው የሚያውቀውን ጨዋታ ወደ ቤት ማምጣት ቻለ። በ1980 ስፔስ ኢንቬደርስን ከጃፓኑ ታይቶ ኩባንያ በፈቃድ ወስዶ ሲያወጣ ሽያጩ ተመነጠቀ። ፌርቻይልድ በበኩሉ ዋና ሥራው ቺፕ መሸጥ ነበር። በዲጂታል የእጅ ሰዓት ንግድ በደረሰበት ኪሳራ ምክንያት አመራሩ ለሸማች ዕቃዎች የነበረው ፍላጎት ቀዝቅዞ ስለነበር በጨዋታ ላይ ገንዘብ ማፍሰሱን አልገፋበትም። በ1979 የቻናል ኤፍን መብት ለዚርኮን ኩባንያ ሸጠ። ለቻናል ኤፍ የወጡት ካርትሪጆች ከ30 ያነሱ ሲሆኑ አታሪ 2600 ግን በዕድሜ ዘመኑ በብዙ ሚሊዮን ተሽጧል።

የመጣጣም ጥያቄ

ጨዋታው ከመሣሪያው ሲለይ ከዚያ በፊት ያልነበረ ጥያቄ ተነሣ። ይህም የአንዱ ካርትሪጅ በሌላው ላይ ይሠራል ወይ የሚል ነው። መልሱ አይሠራም ነበር። መሰኪያዎቹ ይለያያሉ፤ ቢገጥሙ እንኳ በቻናል ኤፍ ካርትሪጅ ውስጥ ያለው ፕሮግራም በኤፍ 8 ትእዛዞች የተጻፈ ስለሆነ የአታሪ ፕሮሰሰር ሊያነበው አይችልም። ስለዚህ ኮንሶል የገዛ ቤተሰብ በተዘዋዋሪ የአንድ ኩባንያ ቋሚ ደንበኛ ይሆን ነበር። የተፎካካሪዎቹ ትርፍም ከመሣሪያው ይልቅ ከካርትሪጁ መምጣት ጀመረ።

መጣጣም የነበረው በፈቃድ በተሠሩ መሣሪያዎች መካከል ነው። ቻናል ኤፍ በአውሮፓ በተለያየ ስም ተሽጧል፤ በእንግሊዝ ግራንድስታንድ፣ በጀርመን ሳባ፣ በስዊድን ሉክሶር የሸጧቸው ኮንሶሎች ቪዲዮካርቶችን ያጫውቱ ነበር። ያለ ፈቃድ የመጣው መጣጣም ግን ወደ ፍርድ ቤት አመራ። በ1979 ከአታሪ የወጡ ፕሮግራም ጸሐፊዎች አክቲቪዥንን መሥርተው ለአታሪ ኮንሶል ጨዋታ ማምረት ሲጀምሩ አታሪ ከሰሳቸው፤ ጉዳዩም በስምምነት አለቀ። በ1982 ኮሌኮ የአታሪን ካርትሪጆች በኮሌኮቪዥን ላይ የሚያጫውት ተቀጥላ መሣሪያ አወጣ። ተቀጥላው በውስጡ የአታሪን ሰርኪዩት የሚተካ ሰርኪዩት ይዞ ነበር። ይህም እንደዚሁ ክስ አስነሥቶ በስምምነት ተቋጭቷል።

ቪዲዮሶፍት

ሎውሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ፌርቻይልድን ለቆ ቪዲዮሶፍት የተባለ የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። ቪዲዮሶፍት የሠራው ሶፍትዌር የራሱን ቻናል ኤፍ ላሸነፈው ለአታሪ 2600 ነበር። ቡድኑ በልዩ መነጽር የሚታዩ ባለ ሦስት ገጽታ ጨዋታዎችን ጭምር ሞክሯል። በ1983 ግን የአሜሪካ የቪዲዮ ጌም ገበያ በካርትሪጅ ብዛትና በጥራት ጉድለት ምክንያት ወደቀ። ኩባንያው በሥራ ዘመኑ ለገበያ ያበቃው የቴሌቪዥንን ቀለም ለማስተካከል የሚረዳ አንድ ካርትሪጅ ብቻ ሲሆን የቀሩት ሳይወጡ ቀሩ። ቪዲዮሶፍት ከ5 ዓመት ገደማ በኋላ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ሎውሰን በአማካሪነት ሠራ። ከሙዚቀኛው ስቲቪ ዎንደር ጋር ልጆችን በወላጆቻቸው ድምፅ የሚቀሰቅስ ሰዓት ለመሥራት ሞክረው የነበረ ቢሆንም ለምርት አልበቃም።

የፓተንት ክርክር

ኪርሽነርና ሃስከል በሐሳባቸው ላይ እ.ኤ.አ. በ1977 ፓተንት አግኝተዋል። አልፔክስ በዚሁ ፓተንት በ1986 ኒንቴንዶን ከሰሰ። በ1994 የዳኞች ሸንጎ ለአልፔክስ ፈርዶ ኒንቴንዶ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ተወሰነ። በ1996 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ምክንያቱ ቴክኒካዊ ነበር። የአልፔክስ ፓተንት የማያ ገጹን ሙሉ ምስል በማህደረ ትውስታ የሚያስቀምጥ አሠራርን የሚመለከት ሲሆን፣ የኒንቴንዶ ኮንሶል ግን ምስሉን ከተዘጋጁ ቁርጥራጮች እያጣመረ መስመር በመስመር ይሠራ ነበር። ስለዚህ ሐሳቡን የፈለሰፉትም ሆኑ ወደ ምርት የለወጡት ሰዎች በካርትሪጅ ከተገኘው የብዙ ቢሊዮን ዶላር ንግድ ያገኙት ድርሻ አነስተኛ ነው።

የመጨረሻ ዓመታትና መታወሻ

ሎውሰን ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2003 አካባቢ ጀምሮ በስኳር በሽታ ምክንያት ጤናው ታወከ፤ የአንድ እግሩን አገልግሎትና የአንድ ዓይኑን ብርሃን አጣ። በዚያም ሆኖ በቤቱ ባለው መሥሪያ ክፍል ኤሌክትሮኒክስ መሥራቱን አልተወም። በስታንፎርድ ወጣቶችን በሚያማክር ፕሮግራም ተሳትፏል፣ የሕይወት ታሪኩን ለመጻፍም እየተዘጋጀ ነበር።

ለብዙ ዓመታት ስሙ ከኢንዱስትሪው ውጪ ቀርቶ በውስጡም እምብዛም አይታወቅም ነበር። ዓለም አቀፉ የጌም ሠሪዎች ማኅበር በይፋ ያከበረው በማርች 2011 በሳን ፍራንሲስኮ ነው። ሎውሰን በሥነ ሥርዓቱ ላይ ተገኝቶ ነበር። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ በ70 ዓመቱ በካሊፎርኒያ አረፈ። የጀመረው መጽሐፍ ሳይጠናቀቅ ቀረ።

ከሞተ በኋላ ግን ሥራው ይበልጥ እየታወቀ መጥቷል። በሮቸስተር ከተማ የሚገኘው ስትሮንግ የጨዋታ ሙዚየም ስለ እሱ ቋሚ ትርኢት አዘጋጅቷል። በ2020 ኔትፍሊክስ ስለ ቪዲዮ ጌም ታሪክ ባቀረበው ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም ልጆቹ ስለ አባታቸው ተናግረዋል። በ2021 በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የጌም ንድፍና የኮምፒውተር ሳይንስ መማር ለሚፈልጉ ጥቁርና የአገሬው ተወላጅ ተማሪዎች የሚውል ገንዘብ በስሙ ተቋቁሟል። ጉግልም ዲሴምበር 1 ቀን 2022፣ በሎውሰን 82ኛ የልደት ቀን፣ ገጹን በስሙ ሰይሞ ጎብኚዎች ራሳቸው ጨዋታ ሠርተው እንዲጫወቱበት አድርጓል።